ጠፍጣፋው ቴሌቪዥንና የደመወዝተኛው ዐይን

ሰንጋ ተራ፥ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው፥ የሰንጋ ሠፈር ነበር። ሰንጋ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሥራውን ያውቃል። ሻኛውን ይዳብሳል፤ ጐኑን ይጫናል፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ጥቂት አስኪዶም እግሩን ይመለከታል። በዋጋ መከራከር የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዛሬ በዚያ ሥፍራ የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ተደርድረዋል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ወጥቷል። በእነዚህ ሕንፃዎች ጥላ ሥር ግን የወር ደመወዝ የምንቈጥር መምህራን፥ ጸሐፊዎች፥ የሒሳብ ሠራተኞችና ተማሪዎች በጋራ መኖሪያ ቤት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ከእኛ መካከል ቴሌቪዥን ሊገዛ የሚነሣው ሰው የሰንጋ ገዢውን ሩብ ያህል እንኳ ሳይመረምር ገንዘቡን ቈጥሮ ይሰጣል። ምን እንደሚዳብስ አያውቅምና።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ ዲግሪ ያለው አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ሆነ። ከዚህ ላይ ግብርና ጡረታ ይቀነሳል፤ የቤት ኪራይ ይከፈላል፤ ለታክሲና ለምሳ ይወጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላር ከእጥፍ በላይ ስለ ጨመረ፥ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮ ተሰቀለ። መካከለኛ መጠን ያለው አዲስ ቴሌቪዥን በሁለት ወር ሙሉ ደመወዝ አይገኝም። ስለዚህ ለብዙዎቻችን ቴሌቪዥን የሚገዛው ዕቁብ ሲወጣ ነው። ዕቁብ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ቢወጣ ነው።

አንድ አብሮ አደጌ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራል። ዕቁቡ እንደ ወጣለት እናቱ ለጥምቀት ከገጠር ሊመጡ ስለ ነበር ደስ ሊያሰኛቸው ፈለገና ወደ ሱቅ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርሁ። ባለ ሱቁ በግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ሁሉ ትልቁን እያሳየ፥ «ወንድሜ፥ ይኼ እኮ ፎር ኬ ነው፤ ኳሱን ሳይሆን የሣሩን ቅጠል ነው የምትቈጥረው» አለው። እውነትም በመስኮቱ ውስጥ የሚታየው ፊልም ድንቅ ነበር። የዓሦችና የአበቦች ሥዕል ነው፤ የዓሣው ቅርፊት አንድ በአንድ ይታያል። ጓደኛዬ 55 ኢንች የሆነውን ገዛ። ተሸክመን በስድስተኛው ፎቅ ደረጃ አወጣነው፤ ሊፍቱ የዚያን ዕለት አይሠራም ነበር።

ማታ በአሮጌው ሪሲቨር ላይ ተክሎ ሲከፍተው ያ ድንቅ ሥዕል የለም። የሰዎቹ ፊት በውሃ ውስጥ እንደሚታይ ሆነ፤ በዜናው ግርጌ የሚሮጠው ጽሕፈት ጠርዙ ተበላ። እናቱ ጥቂት ተመልክተው፥ «ልጄ፥ ይኼ ዜና አንባቢ ምን በልቶ ነው እንዲህ የሰፋው?» አሉ። ጓደኛዬ ሳቀ፤ ሣቁ ግን ከልቡ አልነበረም። «አሮጌው ይሻል ነበር» ለማለት አፉ አልደፈረም እንጂ ዐይኑ ተናግሯል።

ቴሌቪዥኑ አልተበላሸም። ሻጩም በዚህ አልዋሸም። ነገሩ ሌላ ነው፤ እርሱን ለመረዳት ወደ 1957 ዓ.ም. መለስ ማለት ያስፈልጋል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት 11 ቀን አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ ተሸለመ። ጃፓኖች ሩጫውን ከመነሻው እስከ መድረሻው በቀጥታ በቴሌቪዥን ተመለከቱት። የጀግናው አገር ሕዝብ ግን አላየውም፤ ቴሌቪዥን ገና አልነበረንምና። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ከ12 ቀን በኋላ፥ ጥቅምት 23 ቀን፥ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት ነው። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበረ። በ12 ቀን አመለጠን ማለት ነው! ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ ነበረ፤ ቀለም የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1984 የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር ነው።

የሚገርመው በዚያው እ.ኤ.አ. 1964 ሌሎች ሁለት ነገሮች ተጀምረው ነበር። በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን የፕላዝማ ሰሌዳ ሠሩ፤ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ከሚባለው ቤተሰብ አንደኛው ልጅ እርሱ ነው። የጃፓን የብሮድካስት ድርጅት ኤን ኤች ኬ ደግሞ ኦሊምፒኩ እንዳለቀ ከነበረው የበለጠ ጥራት ያለው ቴሌቪዥን ለመሥራት ምርምር ጀመረ። ዛሬ «ኤችዲ» የምንለው፥ በአማርኛ «ከፍተኛ የምስል ጥራት» ልንለው የምንችለው ነገር፥ ከዚያ ምርምር የተወለደ ነው። እንግዲህ ቴሌቪዥናችን፥ ጠፍጣፋው ሰሌዳና ከፍተኛው ጥራት የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ተገናኝተው በአንድ ሳሎን ውስጥ ለመቀመጥ ግን ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ፈጀባቸው።

የድሮው ቴሌቪዥን ሥዕሉን የሚሠራው ከላይ እስከ ታች በተደረደሩ መሥመሮች ነው። በእኛ አገር መሥመሮቹ 625 ነበሩ፤ ከእነዚህም ሥዕል የሚሸከሙት 576 ብቻ ናቸው። በአሁኑ አሠራር እያንዳንዱ መሥመር ወደ ጐን በነጥቦች ይከፋፈላል። በተለመደው ጥራት በአንድ መሥመር 720 ነጥብ ስላለ፥ ሥዕሉ በጠቅላላው 414,720 ነጥብ አለው። «ፉል ኤችዲ» የሚባለው 1,080 መሥመር፥ በየመሥመሩም 1,920 ነጥብ ስላለው 2,073,600 ይሆናል፤ ልክ አምስት እጥፍ ነው። «ፎር ኬ» ደግሞ የዚህ አራት እጥፍ፥ ማለት 8,294,400 ነጥብ ነው። በመካከል «ኤችዲ ሬዲ» የሚባል አለ፤ ይህ በአብዛኛዎቹ ርካሽ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ላይ የሚገኝ ሲሆን፥ መሥመሩ 768 ብቻ ነው።

የጓደኛዬ ቴሌቪዥን 8 ሚሊዮን ነጥብ የሚያበራ ሰሌዳ አለው፤ አሮጌው ሪሲቨር ግን የሚልክለት 400 ሺህ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ቴሌቪዥኑ ራሱ ገምቶ ይሞላዋል። አንዷን ነጥብ ወስዶ ለ20 ነጥብ ያካፍላታል ማለት ነው። አንድ እንጀራ ለ20 ሰው እንደ መቁረስ ነው፤ መሶቡ ቢሰፋ እንጀራው አይበዛም። ሥዕሉ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ሲዘረጋ ጉድለቱም አብሮ ይዘረጋል፤ አሮጌው ባለ 21 ኢንች ግን ጉድለቱን በትንሽነቱ ይሸፍነው ነበር። የዜና አንባቢው ውፍረትም ምክንያት አለው። የድሮው ሥዕል ስፋቱ 4 ሲሆን ቁመቱ 3 ነው፤ የአዲሱ ሰሌዳ 16 በ9 ነው። ሪሲቨሩ የድሮውን ሥዕል ሰሌዳው እስኪሞላ ድረስ ሲለጥጠው ሰው ሁሉ በሲሶ ይሰፋል። በሪሞቱ የሥዕሉን ቅርፅ ወደ 4 በ3 መመለስ ይቻላል፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል እንጂ ሰውየው ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። በየቤቱ የሰፉ ፊቶችን እያዩ የሚኖሩ ሰዎች ብዛት ያስገርመኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ከፍተኛ ጥራት በእርግጥ ለዐይን ይታያልን?

የፊዚክስ መምህር ስለሆንሁ ይህን በክፍሌ ውስጥ ሞከርሁት፤ አንባቢም በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። በነጭ ወረቀት ላይ ውፍረታቸው አንድ ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር መሥመሮችን፥ በመካከላቸውም አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ነጭ ቦታ እየተዉ፥ በማስመሪያ ማስመር ነው። ወረቀቱን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ለጥፌ ተማሪዎቹን ፊታቸውን ወደ ወረቀቱ እንዳደረጉ ወደ ኋላ እንዲሄዱ አዘዝኋቸው። መሥመሩ ጠፍቶ ወረቀቱ ግራጫ በሚመስልበት ቦታ ላይ እያንዳንዱ ይቆማል። አብዛኛዎቹ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ቆሙ፤ ሁለት ሦስቱ ዐይናቸው ንስር የሆነ አራት ሜትርን አለፉ። አንዲት ልጅ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል አልተላወሰችም። «ምነው ቆምሽ?» ብላት፥ «መምህር፥ ለእኔ እኮ ከዚህ ወዲያ ግራጫ ነው» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ከኋላው መደዳ ተቀምጣ የጻፍሁትን ከጐረቤቷ ደብተር ትገለብጥ ኖሯል። አሁን መነጽር አድርጋ ከፊት ትቀመጣለች። ለቴሌቪዥን ብዬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ትልቁ ጥቅም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የሙከራው ውጤት ሳይንስ ከሚለው ጋር ይስማማል። ደኅና ዐይን አንድን ነገር ከሌላው ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ሲያንስ አይደለም። በቀላሉ ለማስላት፥ የመሥመሩን ውፍረት በ3,440 ማባዛት ነው፤ የሚገኘው ቍጥር መሥመሩ ከዐይን የሚጠፋበት ርቀት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር በ3 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ላይ ይጠፋል።

ይህን ይዘን ወደ ሱቁ እንመለስ። ኢንች የሚለካው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ነው፤ አንዱ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። ባለ 32 ኢንች ሰሌዳ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በተለመደው ጥራት አንዱ መሥመር 0.7 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፥ ከ2 ሜትር ከ40 ወዲያ የተቀመጠ ሰው መሥመሩን መለየት አይችልም። እንግዲህ በ3 ሜትር ላይ ተቀምጦ ባለ 32 ኢንች የሚያይ ሰው ከፍተኛ ጥራት ቢጨመርለት የሚያገኘው ትርፍ እጅግ ጥቂት ነው። ባለ 43 ኢንች ቁመቱ 53 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ የተለመደው ጥራት መሥመር እስከ 3 ሜትር ከ20 ድረስ ለዐይን ይለያል፤ የፉል ኤችዲው ግን ከ1 ሜትር ከ70 ወዲያ ይጠፋል። በባለ 55 ኢንቹ ላይ የተለመደው ጥራት ከ4 ሜትር ርቀት ላይ እንኳ ይሻክራል፤ ፉል ኤችዲው ከ2 ሜትር ከ20 ወዲያ ንጹሕ ነው። ፎር ኬውስ? የፎር ኬን ጥቅም በባለ 55 ኢንች ላይ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከ2 ሜትር ከ20 ወደ ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ሁሉንም ነጥብ ለመለየት ደግሞ እስከ አንድ ሜትር ከ10 መጠጋት ይኖርበታል። በባለ 43 ኢንቹ ከሆነ 85 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው! እንዲህ አድርጎ የሚመለከት ሰው እናቱ ከልጅነቱ ጀምሮ «ዐይንህ ይጠፋል፥ ራቅ በል» ያሉትን ረስቷል ማለት ነው።

እኔና ጓደኞቼ በምንኖርበት ቤት ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ እስከ ሶፋው ያለውን በሜትር ለካሁት፤ 2 ሜትር ከ80 ሆነ። ጐረቤቶቻችንም ከዚህ ብዙ አይርቁም፤ የሰንጋ ተራ ሳሎን ይህን ያህል ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ቤት የእኔ ፍርድ እነሆ፦ ባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ይበቃል፤ ከተለመደው ጥራት ጋር ያለው ልዩነትም በግልጽ ይታያል። ኤችዲ ይጠቅማልን ለሚለው መልሴ አዎን ነው። ፎር ኬን ግን በዕቁብ ገንዘብ አልገዛውም። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ባለ 43 ኢንቹንም ፎር ኬ አድርገው ስለሚሠሩት በዋጋ የሚለያዩት በጥቂት ብር ከሆነ መውሰዱ አይጐዳም፤ ልዩነቱ የግማሽ ወር ደመወዝ ከሆነ ግን ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ይሻላል።

ያ ሌላ ቦታ የትኛው ነው? ሪሲቨሩና ገመዱ ነው። በጓደኛዬ ቤት ውስጥ ሪሲቨሩና ቴሌቪዥኑ የተገናኙት ቢጫ፥ ቀይና ነጭ ራስ ባለው የድሮ ገመድ ነበር። ሥዕሉ የሚያልፈው በቢጫው ነው፤ ቢጫው ገመድ ደግሞ ከተለመደው ጥራት በላይ መሸከም አይችልም። ከሰማይ የሚወርደው ኤችዲ ቢሆንም በዚህ በር ሲያልፍ ይጠባል። ኤችዲ የሚሸከመው ኤችዲኤምአይ የሚባለው ጠፍጣፋ አፍ ያለው ገመድ ነው። ሪሲቨሩም ኤችዲ የሚቀበል መሆን ይኖርበታል፤ የድሮዎቹ የኤችዲን ሥርጭት ሲያገኙ ወይ ጥቁር ሆነው ይቀራሉ፥ ወይ ድምፅ ብቻ ያሰማሉ። በየጣራው ላይ ያሉት ዲሾቻችን ከጥቂት ዓመታት በፊት ፊታቸውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዙረዋል፤ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከናይልሳት ለቀው ኢትዮሳት በሚባለው ስም 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወደሚገኘው ሳተላይት ስለ ተዛወሩ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ዲሹን አስዞረ፤ ሪሲቨሩንና ገመዱን ግን አልነካም።

እርግጥ ነው፥ ሁሉ ነገር ቢሟላም ከጣቢያው የሚመጣው ሁሉ ኤችዲ አይደለም። የድሮ ድራማና የድሮ ዘፈን በድሮ ካሜራ የተነሣ ነው፤ ምንም ቢደረግ ከተነሣበት በላይ አይጠራም። ደግሞም ነጥብ ብቻውን ጥራት አይሆንም፤ ጣቢያው የሳተላይት ኪራይ ለመቈጠብ ሥዕሉን አብዝቶ ከጨመቀው፥ ኳሱ ሲሮጥ ሜዳው እንደ ተቈራረጠ ሰቆች ይሆናል። በስፖርት ላይ ነው ይህ ጐልቶ የሚታየው፤ ኤችዲም ዋጋውን የሚያስከፍለው እዚያ ነው። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰለሞን ባረጋ በዚያው በቶኪዮ ከተማ የ10,000 ሜትርን ወርቅ ሲያገኝ የመጨረሻውን ዙር በአንድ የሜክሲኮ ካፌ ውስጥ ተጨናንቀን አየን። ከአበበ ድል 57 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ላብ፥ ወደ ጐን የሚወረውረው ዐይኑ ይታይ ነበር። ከጐኔ የቆሙ አንድ ሽማግሌ፥ «አበበን በጆሮ ነበር ያየነው» አሉ። ጃፓኖች ግን ያንኑ ኦሊምፒክ ከፎር ኬም አራት እጥፍ በሚበልጥ «ኤይት ኬ» በሚባል ጥራት ያሠራጩት ነበር። እነርሱ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ይቀድማሉ።

በኢንተርኔት የሚያይ ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለበት። ፉል ኤችዲ በሴኮንድ 5 ሜጋ ቢት ያህል ቢፈልግ በሰዓት 2 ጊጋ ባይት ከሩብ ይበላል፤ ፎር ኬ በ15 ሜጋ ቢት ቢሄድ ወደ 7 ጊጋ ይጠጋል። በስልኩ ጥቅል እየገዛ ፊልም የሚያይ ተማሪ ፎር ኬ ቴሌቪዥን ቢገዛ፥ በሬ ገዝቶ ድርቆሽ እንዳጣ ገበሬ ይሆናል።

አሁን ሱቅ ውስጥ ስለሚዳበሰው ነገር ጥቂት ልበል። በሱቅ የሚታየው የዓሣና የአበባ ፊልም ለማማለል የተሠራ ነው፤ ብርሃኑም ከመጠን በላይ ከፍ ተደርጐ ነው የሚበራው። ገዢው የራሱን ፍላሽ ይዞ ይሂድ። በፍላሹ ውስጥ ቢቻል ጥሩ ጥራት ያለው የጋዜጣ ገጽ ፎቶግራፍ ያስገባ። ደቃቁ የጋዜጣ ፊደል፥ «ሠ»ና «ሡ» የሚለዩበት ቅጥያ፥ በሰሌዳው ላይ ጥርት ብሎ ከታየ ሰሌዳው እውነተኛ ነው። ሳጥኑ ላይ «ፎር ኬ ይቀበላል» የሚል ጽሕፈት ያለባቸው አንዳንድ ርካሽ ቴሌቪዥኖች የፎር ኬን ሥዕል ተቀብለው የሚያሳዩት በ768 መሥመር ሰሌዳ ላይ ነው። መቀበልና ማሳየት ለየቅል ናቸው። ታዋቂ ስም ተለጥፎባቸው የሚሸጡም አሉ፤ ስለዚህ ግንባሩ ላይ ያለውን ስም ብቻ አይመኑ፤ አብርተው በውስጡ ባለው የመረጃ ገጽ ላይ የሚወጣው ስምና የሞዴል ቍጥር ከጀርባው ካለው ልጣፍና ከሳጥኑ ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ።

ሌላም አለ። ከፊት ለፊት ብቻ ቆሞ ማየት አይበቃም። በእኛ አገር ሳሎን ውስጥ ወንበር የሚደረደረው ግድግዳ ተከትሎ ነው፤ እንግዳ ሲበዛ ግማሹ ሰው ቴሌቪዥኑን የሚያየው ከጐን ነው። አንዳንዱ ሰሌዳ ከጐን ሲያዩት ቀለሙ ይገረጣል፤ የሰውም ፊት አመድ ይመስላል። በግራም በቀኝም ዞሮ ማየት ነው። ድምፁንም ማዳመጥ ያሻል፤ ሰሌዳው እየቀጠነ በሄደ ቍጥር ድምፅ ማጉያው እየደከመ መጥቷል፤ የአማርኛ ድራማ ደግሞ ንግግሩ ካልተሰማ ምን አለው?

ስለ ዓይነቱ አጭር ቃል። «ኤልሲዲ» እና «ኤልኢዲ» እየተባለ የሚነገረው ሁለት የተለያየ ነገር አይደለም፤ ኤልኢዲ የሚባለው ከበስተጀርባው በትናንሽ የኤልኢዲ መብራቶች የሚበራ ኤልሲዲ ነው። ፕላዝማን ትልልቆቹ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ገደማ ጀምሮ መሥራት ትተውታል። ያገለገለ ፕላዝማ በርካሽ ዋጋ ያገኘ ሰው ሥዕሉ ያማረ ቢሆንም ከኤልኢዲው ከእጥፍ በላይ ኤሌክትሪክ እንደሚበላ፥ መለዋወጫውም እንደማይገኝ ይወቅ።

መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው ቴሌቪዥን የሚቃጠለው። ድንገት ከፍ ብሎ የሚመጣው ኃይል በውስጡ ያለውን የኃይል ሰሌዳ ይመታዋል። ደኅና ስታቢላይዘር ከቴሌቪዥኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እርሱን ለመግዛት ያልቻለ መብራቱ እንደ ጠፋ ከዲቫይደሩ ይንቀለው፤ መብራት ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይታገሥ።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ኤችዲ የሚቀበል ሪሲቨርና ኤችዲኤምአይ ገመድ ገዛ። ዋጋቸው ከቴሌቪዥኑ ጋር አይገናኝም። እናቱ የጥምቀትን በዓል የጃን ሜዳውን ሥርዓት ተቀምጠው ሲያዩ በታቦቱ ላይ የተደረበውን መጐናጸፊያ የጥልፉን ሐረግ እያዩ፥ «ይኼስ የእጅ ሥራ ነው፤ በመኪና የተሠራ አይደለም» ብለው ፈረዱ። ዜና አንባቢውም ቀጥኖ ስላገኙት ታሞ ነው ብለው አዘኑለት።

ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ የጋራ መኖሪያ ቤቶቻችን የውስጥ ግድግዳ አብዛኛው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት መሆኑን ያስታውስ። አጭር ፊሸር በዚያ ላይ አይይዝም፤ ለክፍት ብሎኬት የተሠራውን ረዘም ያለ ዓይነት መጠቀም፥ መሰቀያውንም ቢያንስ በአራት ቦታ ማሰር ያስፈልጋል። ከፍታው የሰሌዳው መካከል ተቀምጦ የሚያይ ሰው ዐይን ላይ እንዲውል ነው፤ እንደ ንጉሥ ሥዕል ኮርኒስ ሥር መስቀል አንገት ያሳምማል። ሳጥኑንና ስፖንጁን ደግሞ የዋስትናው ጊዜ እስኪያልቅ ከአልጋ ሥር ያቈዩት፤ ለጥገና የሚመልስ ሰው ያለ ሳጥኑ በታክሲ ጭኖ ሲሄድ ሰሌዳው ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ሰሌዳ ደግሞ በዋስትና አይሸፈንም።